አሥራ አምስት ሰው ለማሟላት

ሪታየር ካደረግኩ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ እሑድ ጠዋት ተነስቼ በመስኮት ሰማዩን አየሁ። ሌሊቱን አካፍቶ ነበር። «ሣሩ ስለረጠበ መስመሩ ቀለም አይዝም፤ ቀደም ብዬ ልሂድ» ብዬ ጫማዬን ፈለግኩ። አንድ እግሬን ካጠለቅኩ በኋላ ነው ሜዳው ከእንግዲህ የእኔ አለመሆኑ ትዝ ያለኝ። ጫማዬን መልሼ አወለቅኩ። ይህን ለመጻፍ ያሰብኩት ያን ቀን ነው። ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አይደለም።

ሥራዬን ለአገሬ ሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኝ ነበር። ኦክላንድ ውስጥ ሾፌር ነኝ ወይም ፓርኪንግ እሠራለሁ ብል ሰው ሁሉ ይገባዋል። እኔ ግን የአይሪሾች ስፖርት ክለቦች የሜዳና የጨዋታ ፕሮግራም ኃላፊ ነበርኩ። ጨዋታዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ጌሊክ ፉትቦል ይባላል፤ ኳሱን በእጅም በእግርም ይጫወቱታል። ሁለተኛው ሀርሊንግ ነው፤ ጫፉ ሰፋ ባለ የእንጨት ዱላ ትንሽ ኳስ እየመቱ የሚሮጡበት፣ የእኛን የገና ጨዋታ የሚመስል። ግቡ ከላይ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎች አሉት። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ካለፈች አንድ ነጥብ፣ ከታች መረብ ውስጥ ከገባች ሦስት ነጥብ ነው። በአንድ ወገን አሥራ አምስት ሰው ይሰለፋል። የሥራ ዘመኔን በሙሉ የፈጀው ይህ አሥራ አምስት ነው ብል አላጋነንኩም።

በሱዳን አድርጌ መጥቼ ኦክላንድ ስገባ መጀመሪያ የሠራሁት ሪችመንድ ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠብ ነበር። ከዚያ አንድ ትምህርት ቤት የግቢ ሠራተኛ ሆንኩ። ሣር አጭዳለሁ፣ ቧንቧ እጠግናለሁ፣ ቅጠል እጠርጋለሁ። የአይሪሾቹ ክለብ የትምህርት ቤቱን ሜዳ እሑድ እሑድ ይከራይ ስለነበር በር ከፍቶ የሚዘጋ ሰው አስፈለገ። አለቃችን ሁላችንንም ጠየቀ፤ ሁሉም ቸርች አለብኝ፣ ልጆች አሉኝ አለ። እኔ ልጅ አልነበረኝም። ኦቨርታይሙም ደግ ነበርና እሺ አልኩ።

ማታ ለባለቤቴ ለአስካለ ነገርኳት። እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ከሳምንቱ የምታርፈው እሑድን ብቻ ነበር።

«እሑድን ሸጥከው?» አለችኝ።

«ለጊዜው ነው» አልኳት።

ለጊዜው አልነበረም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሳትጣላኝ፣ ሳትጮህ፣ ዕቃዋን ሰብስባ ሳክራሜንቶ ዘመዶቿ ዘንድ ሄደች። ስትወጣ «የሸጥከው ሰኞን ቢሆን ኖሮ እታገሥ ነበር» አለችኝ። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እውነቷን ነው።

የሜዳውን በር በከፈትኩበት በመጀመሪያው እሑድ አንድ ሽማግሌ ከእኔ ቀድመው ደርሰው፣ በአጥሩ ጥግ ገብተው ሜዳው መሀል ተንበርክከዋል። የወደቀ ነገር የሚፈልጉ መስሎኝ ልረዳቸው ሄድኩ። ለካ ጎፈር የቆፈረውን ጉድጓድ በአሸዋ እየሞሉ ነው። ጎፈር የዚህ አገር ፍልፈል ነው።

«ይሄ ጉድጓድ» አሉኝ ቀና ሳይሉ፣ «የሰው ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ ሰው ደግሞ ለሚመጣው እሑድ አይገኝም። ና፣ በተረከዝህ ርገጠው።»

ረገጥኩት። ሥራውን የተማርኩት እንደዚያ ነው።

ስማቸው ኢመን ነበር። ከአየርላንድ ምዕራብ በወጣትነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን በጣሪያ ሥራ የጨረሱ፣ ጉልበታቸው የታመመ ሰው። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው። ለክለቡ ያለ ደመወዝ ሜዳ ያሰምራሉ፣ የጨዋታ ፕሮግራም ያወጣሉ፣ ተጫዋች ይጠራሉ። ከጨዋታ በፊት ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እግራቸውን እየጎተቱ ይዞሩታል። ዓይን የማያየውን እግር ያገኘዋል ይሉ ነበር። መስመር ሲያሰምሩ ገመዱን ወጥረው በጣታቸው ይመቱታል፤ እንደ ክራር ካልጮኸ እንደገና ይወጥሩታል። ጨዋታ ሲያልቅ ሁለቱን አምበሎች አጠገብ ለአጠገብ አቁመው ውጤቱን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ያደርጋሉ፤ መጀመሪያ የተሸነፈው፣ ቀጥሎ ያሸነፈው። ሁለቱም በገዛ አፋቸው ካሉት በኋላ ሰኞ የሚነሣ ጭቅጭቅ የለም።

ከሁሉ የበለጠው ግን የስልካቸው ነገር ነው። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ፒክአፓቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ለእያንዳንዱ ተጫዋች ይደውላሉ። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ስሰማ «ትመጣለህ?» ብለው ማንንም እንደማይጠይቁ አስተዋልኩ። «እሑድ በምን ነው የምትመጣው?» ነው የሚሉት።

«ለምን እንደዚያ ይጠይቃሉ?» አልኳቸው።

«ትመጣለህ ካልከው አዎ ይልሃል። አዎ ማለት አይከብድም። በምን እንደሚመጣ ስትጠይቀው ግን ያስባል። መኪናው ተበላሽቶ ከሆነ፣ ሚስቱ መኪናውን የምትፈልገው ከሆነ ያኔ ይነግርሃል። አንተም ከጎረቤቱ ጋር ታገናኘዋለህ። ክለብ ማለት መኪና ያለውን ከሌለው ማገናኘት ነው፤ ሌላው ጌጥ ነው።»

ጉልበታቸው እምቢ ሲል የአካባቢው ክለቦች ተሰብስበው ሥራውን በደመወዝ የሚይዝ ሰው ፈለጉ። ኢመን እኔን ጠቆሙ። ሀርሊንግ ተጫውቶ የማያውቅ ሀበሻ እንዴት ተብሎ ትንሽ ተንጫጩ። በመጨረሻ ግን ሌላ የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ ሥራው የእኔ ሆነ። ከትምህርት ቤቱ ለቀቅኩ። የአገሬ ልጆች ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ሲያገኙኝ «ዛሬም ከነጮቹ ጋር ገና ልትጫወት ነው?» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔም እስቃለሁ። ሠርጉም፣ ክርስትናውም፣ ማኅበሩም እሑድ ነው፤ እኔ ሜዳ ነኝ። ቆይተው መጥራቱን ተዉት። አልተቀየምኳቸውም፤ የማይመጣ ሰው ስንት ጊዜ ይጠራል?

አይሪሾቹም ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ከጨዋታ በኋላ ሁሉም ተያይዘው ወደ ምግባቸውና ወደ ዘፈናቸው ይሄዳሉ። እኔ መረብ እፈታለሁ፣ ባንዲራ እነቅላለሁ፣ በር እዘጋለሁ። ጨርሼ ስደርስ ወሬው አልፎኛል። ከሁለቱም ሕዝብ መሀል፣ አጥሩ ላይ የምኖር ሰው ሆንኩ።

የክለቦቹ ሰብሳቢ ኮነር የሚባል የኮንስትራክሽን ተቋራጭ ነበር። እጁ የተፈታ፣ ቁጣው ቅርብ፣ ዋንጫ የሚወድ ሰው። በየሰመሩ ከአየርላንድ ወጣት ተጫዋቾች ያስመጣል፤ ሥራና መኝታ ይሰጣቸዋል፤ እነሱም ይጫወቱለታል። ዱላውን ከልጅነታቸው ጀምሮ የያዙ ናቸውና ሲጫወቱ ማየት ደስ ይላል። አንዱ ክለብ ካስመጣ ሌላው ዝም ብሎ አይሸነፍምና ሁሉም ማስመጣት ጀመሩ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በዝናብ ወራት ጭቃ ላይ ሲለማመዱ የከረሙት የዚሁ አገር ልጆች ሰመር ሲመጣ ተጠባባቂ ይሆናሉ። እንግዶቹ በመስከረም ይሄዳሉ። የተከፋው ልጅ ደግሞ አይመለስም። በሚመጣው ጸደይ ስደውል አሥራ አምስት ሰው አጣለሁ፤ ጨዋታው በፎርፌ ያልቃል። ሜዳ አስምሬ፣ መረብ ሰቅዬ፣ አንዱ ቡድን ብቻ መጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የተመለሰበትን እሑድ ቤቱ ይቁጠረው።

ሳን ሆዜ ውስጥ ኑላ የምትባል ነርስ ያቋቋመችው የሀርሊንግ ክለብ ነበር። አብዛኞቹ ልጆቿ አይሪሽ አልነበሩም፤ ሜክሲካዊ፣ ቬትናማዊ፣ ሳንታ ክላራ ቢሮ የሚሠራ ሕንዳዊ። በረኛቸው ሄክቶር የመጋዘን ሾፌር ነበር። እጁ እንደ ድመት ፈጣን፣ ዝናብ ቢዘንብ መብረቅ ቢወርድ ከልምምድ የማይቀር። ስደውልለት «በምን ትመጣለህ?» ሳልለው «ሦስት ሰው ይዤ እመጣለሁ» ይለኛል።

አንድ ዓመት ሳን ሆዜዎች ለፍጻሜ ደረሱ። ኑላም ተጨንቃ፣ የኮሚቴዋ ሰዎች ወጥረዋት፣ ሰመር ላይ እንግዶች አስመጥታ ነበር። በፍጻሜው ቀን ሄክቶር እናቱንና እህቶቹን ይዞ መጣ፤ እናቱ ጨዋታውን አይታ አታውቅም። ለሰውነት ማፍታቻ ሲወጡ ኑላ ወደ ዳር ጠራችው። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ ፊቱን ግን አየሁት። ከአየርላንድ የመጣው በረኛ ገባ፣ ሄክቶር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እናቱ ከወዲያ ማዶ ሆና እየደጋገመች በእጇ «መቼ ነው የምትገባው?» የምትለውን ምልክት ታሳየዋለች። እሱ ጨዋታው እስኪያልቅ ቀና አላለም።

ሳን ሆዜ አሸነፈ። ዋንጫ ወሰዱ። ፎቶ ሲነሱ ኑላ «ሄክቶር! ና እንጂ!» ብላ ጠራችው፤ መጥቶ ከዳር ቆመ። ከዚያ ማልያውን አውልቆ፣ አጥፎ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና ወደ እኔ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ።

«ስለ ሜዳው አመሰግናለሁ» አለኝ።

ዳግመኛ አላየሁትም። በጸደይ ስደውል አላነሳም። እሱ ያመጣቸው የነበሩት ልጆችም አንድ በአንድ ቀሩ።

በዝናቡ ወራት በተደረገው ሚቲንግ ላይ ሐሳብ አቀረብኩ። ከአሥራ አምስቱ አብዛኛው ከዝናብ ወራት ጀምሮ የተለማመደ ይሁን፤ እንግዳ በቀረው ቦታ ብቻ ይሰለፍ አልኩ። ኮነር እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ልፋትህን እናከብራለን» አለ። «ግን አንተ ጨዋታውን ተጫውተህ አታውቅም። ሰው ምርጡን ማየት ነው የሚፈልገው።»

ድምፅ ተሰጠ። እኔ ቅጥር ስለሆንኩ ድምፅ የለኝም። ኑላ እጇን አወጣች፤ ከኋላ ኢመን በከዘራቸው ተደግፈው አወጡ። ሌላ እጅ አልወጣም።

ኑላ የቀራት ግማሽ ቡድን ብቻ ነበር። የኦክላንድም የሀርሊንግ ቡድን ሳስቶ ስለነበር ሁለቱን አንድ አድርጌ ላድናቸው አሰብኩ። በመካከል ሄይዋርድ ላይ የሜዳ ፐርሚት አወጣሁ፤ ረቡዕ ከሥራ በኋላ አብረው እንዲለማመዱ አደረግኩ። ለሁሉም ደወልኩ፣ ማን በማን መኪና እንደሚመጣ አደላደልኩ። የመጀመሪያው ረቡዕ ሜዳው ሞላ፤ ደስታዬን የምነግረው ሰው ስላጣሁ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ።

በሁለተኛው ረቡዕ የኦክላንዶቹ ስምንት መቶ ሰማኒያ ቁጥር አውራ መንገድ ላይ በትራፊክ ታግተው ልምምዱ ሊያልቅ ሲል ደረሱ። ቀጥሎ የማልያ ቀለም ጭቅጭቅ መጣ። የሳን ሆዜዎቹ «የሌላ ሰው ልብስ ለብሰን ልንጫወት ነው?» አሉ። ሁለት ቀለም የተቀላቀለበት አዲስ ማልያ ላሠራ ብል ሁለቱም ወገን አስቀያሚ ነው አለኝ። ልጆቹ ሲለማመዱ የኦክላንዱ ለኦክላንዱ፣ የሳን ሆዜው ለሳን ሆዜው ብቻ ነበር የሚያቀብለው። በየሳምንቱ ሰው ጎደለ። በመጨረሻ አንድ ረቡዕ ሜዳው ላይ የተገኘነው ኑላና እኔ ብቻ ነበርን።

ኑላ ሰዓቷን ደጋግማ አየች። ከዚያ አንዱን ዱላ ወደ እኔ ዘረጋች።

«መትተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ማን ይጋብዘኛል?»

አያያዙን አሳየችኝ። ጠንካራው እጅ ከላይ፣ ዓይን ኳሷ ላይ። መጀመሪያ ሳትኩ፣ እንደገና ሳትኩ፣ ከዚያ አንዷ ተመታችልኝና መዳፌ ውስጥ ንዝረቱ ተሰማኝ። ፀሐይዋ ከኮረብታው ጀርባ እስክትገባ ሁለታችን እየተመላለስን መታን። ስንጨርስ ኳሶቹን ወደ ከረጢት እየከተተች «ዘጋሁት» አለችኝ። «ክለቡን ማለቴ ነው። ዋንጫውን ማን እንዲያስቀምጠው እንደምነግር እንኳ አላውቅም።» የከረጢቱን አፍ ያዝኩላት። እኔ ሰዎቹ በምን እንደሚመጡ አሳምሬ ጠይቄያለሁ፤ ከማን ጋር መጫወት እንደሚፈልጉ ግን አንዳቸውንም አልጠየቅኩም። ሳን ሆዜ ከዚያ ወዲያ የሀርሊንግ ክለብ አልነበራትም።

ኢመን በዚያው ዓመት እህታቸው ዘንድ አየርላንድ ገቡ። ከዚያም ሆነው ሐሙስ ሐሙስ ይደውሉልኝ ነበር። ስለ ሣሩ፣ ስለ ጎፈሩ ይጠይቁኛል። አንድ ሐሙስ ስልኩ ጮኸ፤ ያናገረችኝ እህታቸው ናት። ቀብሩ አልፎ ነበር።

ሀዘኔን ለማን ልንገር? የአገሬ ሰው ቢሰማ ለቅሶ ይደርሰኛል፤ ግን ምንህ ናቸው ሲለኝ ምን እላለሁ? ዘመድ አይደሉም፣ ጎረቤት አይደሉም። ክለቡ ከጨዋታ በፊት ቆሞ አስቧቸዋል፤ እኔ ያን ጊዜ ባንዲራ ይዤ በወዲያኛው ጥግ ነበርኩ። ከሳምንት በኋላ አስካለ ከሳክራሜንቶ ደወለች። ከማን እንደሰማች ዛሬም አላውቅም።

«ሽማግሌህ አረፉ አሉ» አለችኝ። «እግዚአብሔር ያጽናህ።»

ይህን ቃል ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ የተለወጠው በኮነር በራሱ ነው። እዚሁ የተወለደ ልጁ ለኦክላንድ መሰለፍ ጀምሮ ነበር፤ ዝናቡን ሁሉ ሲለማመድ ከረመ። ሰመር ሲመጣ አሠልጣኙ እንግዳ ተጫዋች አስገብቶ ልጁን ከሰልፍ አወጣው። አሠልጣኙ እንግዶቹን ያገኘው ከኮነር ነው። ልጁ በንጋታው ዱላውን ጋራዥ ውስጥ ወርውሮ ወደ ፕሌዘንተን፣ ጓደኞቹ ወደሚጫወቱበት የእግር ኳስ ቡድን ሄደ። ኮነር መስመር ሳሰምር መጣና ገመዱን በሌላው ጫፍ ያዘልኝ። ከዚያ በፊት ገመድ ይዞልኝ አያውቅም።

«ያ ሕግህ» አለኝ ገመዱን እያየ፣ «አሁንም አለ?»

«አለ።»

«አምጣው።»

በሚቀጥለው ሚቲንግ ራሱ አቀረበው፤ ያለ ክርክር አለፈ። ከእሱ ጋር ሌላም ጨመርን። በጸደይ የአካባቢው ተጫዋቾች ብቻ የሚጫወቱበት የራሱ ዋንጫ ያለው ውድድር ጀመርን። ሰው ካነሰ ጨዋታው በፎርፌ ከሚያልቅ፣ የመጣው ሰው ልክ ተቆጥሮ ሁለቱም ወገን እኩል አሳንሶ እንዲጫወት ተስማማን። ለሕፃናትም ወንድና ሴት ተቀላቅለው የሚጫወቱበት ቡድን ተቋቋመ። የኮነር ልጅ ግን አልተመለሰም። ኮነር የልጁን ነገር ካነሣ እኔ ሌላ ወሬ አነሣለሁ።

ዛሬ ተጫዋቾቹን የሚጠራቸው አፕ ነው። አዲሷ ኃላፊ በላፕቶፗ በአንድ ከሰዓት የምትጨርሰው ሥራ እኔን ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። ሥራዋን ታውቃለች፤ የምተቸው የለኝም። ሲሸኙኝ ኬክ ቆረሱ፣ በአማርኛ «አመሰግናለሁ» ለማለት ሞከሩ፣ ሳቅን፣ ተለያየን።

እሑድ ነጻ ስለሆንኩ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ አንድ ደግ ሰው አጠገቤ መጥቶ «ወንድሜ፣ ከአገር የገቡት በቅርቡ ነው?» አለኝ። ሊረዳኝ ፈልጎ ነው፤ ሥራ እንደሚያፈላልግልኝም ነገረኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ጸደይ ሲመጣ አንድ እሑድ መቅረት አልቻልኩምና ወደ ሜዳው ሄድኩ። በር ላይ ያለችው ልጅ አላወቀችኝም። ገብቼ ተመልካች የሚቀመጥበት ደረጃ ላይ፣ ወላጆች መሀል ተቀመጥኩ። ከዚያ ቦታ ሜዳውን አይቼው አላውቅም ነበር። የሕፃናቱ ጨዋታ ተጀምሯል። ሁለቱም ወገን ሙሉ ነው። ተጠባባቂ እንኳ ተርፏቸዋል።

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ዞር ብላ አየችኝ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ሀበሻ ነዎት አይደል?»

«ነኝ።»

«ሰናይት እባላለሁ። ቤተሰቦቼ አስመራ ናቸው፣ እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት። የእርስዎ የትኛው ነው?» አለችኝ ወደ ልጆቹ እያየች።

«የለኝም። ጨዋታ ላይ ነው የመጣሁት።»

«ዝም ብለው?»

«ዝም ብዬ።»

ትንሽ አሰበችና ወደ እኔ ጠጋ አለች። «እንግዲያው ያውቁታል ማለት ነው። እባክዎን ያስረዱኝ። ያቺ ቢጫ ሄልሜት ያደረገችው ልጄ ሊያ ናት። ቤት ስጠይቃት ‹ማሚ፣ ጀስት ዋች› ትለኛለች። ይኸው ዓመት ሙሉ ቁጭ ብዬ እያየሁ ዋች አደረግኩ፤ መቼ ማጨብጨብ እንዳለብኝ እንኳ አላውቅም።»

ከግቡ ጀመርኩላት። ይህን ሁሉ ዘመን የኖርኩበትን ነገር በአማርኛ ተናግሬው አላውቅም ነበርና አፌ ይተሳሰር ነበር። ኳስ በዱላ ጫፍ ላይ ተሸክሞ መሮጥን ምን ልበለው? እየቆምኩ፣ በእጄ እያሳየሁ ነገርኳት። እሷም ትጠይቃለች። ለምን ያኛው ባንዲራ አነሣ? ለምን በእጇ አልያዘችውም? እመልሳለሁ፣ ደግማ ትጠይቃለች። ጉሮሮዬ ደረቀ።

ሊያ ኳሷን ከግርግሩ መሀል አወጣች። በዱላዋ ላይ እያነጠረች ትንሽ ሮጠች፣ ቀና ብላ ግቡን አየችና መታች። ኳሷ ከፍ ብላ በሁለቱ ቋሚዎች መሀል፣ ከአግዳሚው በላይ አለፈች። ከግቡ አጠገብ የቆመው ሰው የነጥቡን ነጭ ባንዲራ አነሣ።

ሰናይት ክንዴን ያዘችኝ። «ጋሼ፣ አሁን ላጨብጭብ?»

«አሁን አጨብጭቢ» አልኳት።

በሥራ ላይ ሳለሁ ለአንዱም ወገን አጨብጭቤ አላውቅም፤ ኃላፊ አያጨበጭብም። ተነሣሁና አብሬያት አጨበጨብኩ።